«ሁለት ጊዜ የሚሰማ ማዳመጥ አይባልም»፦ የቻይና ልጆች የእንግሊዝኛ ፈተና ክርክር

የዉሃኑ ልጅ፦
ጋሼ ትናንት ማታ የላኩትን ቮይስ ሰምቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ላልሰማችሁት፣ ያሉት ይሄ ነው፦ «የቻይና ልጅ እንግሊዝኛ ያነባል እንጂ አይሰማም። ፈተናውም ሁለት ጊዜ እያሰማ ያሳልፋቸዋል። ሁለት ጊዜ የሚሰማ ደግሞ ማዳመጥ አይባልም።»

እኔ ዉሃን ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ዶርም ኖሬያለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጋኦካኦ በሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ እንግሊዝኛ የሚያዘው ከ150 ነው። ከቻይንኛና ከሂሳብ እኩል ማለት ነው። በአዲሱ አገር አቀፍ ወረቀት ማዳመጡ 30 ነጥብ አለው፤ ንባቡ 50። ማዳመጡ 20 ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ንግግሮች የሚሰሙት አንዴ ብቻ ነው። ካመለጠህ አመለጠህ። የሚደገመው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረዘም ያለው ነው። ጋሼ፣ ሁሉንም «ሁለት ጊዜ» ብለው መጠቅለልዎ ልክ አይደለም።

ጋሼ ከጓንጁ፦
አንተ ልጅ፣ እኔ ማንንም አልሰደብኩም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ጓንጁ ዕቃ ስገዛ 14 ዓመቴ ነው። የሱቆቹ ልጆች አብዛኞቹ 12ኛን ጨርሰዋል። በእንግሊዝኛ ዋጋ ስጠይቃቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያንኑ ጥያቄ ስልኬ ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ወዲያው መልሰው ይጽፉልኛል። ይሄ ምን ይባላል? ደግሞ ሒሳቡን አንተው ሠራኸው። አምስቱ አንዴ ከሆነ አሥራ አምስቱ ሁለቴ ነው። ገበያ ላይ ሰው ሁለት ጊዜ አይናገርልህም።

የሄናን ምራት፦
ጋሼ፣ ይናገራል እንጂ! «ምን አሉኝ?» ሲባል ማንም ይደግማል። እኔ ባሌ ቤተሰቦች ጋ ስገባ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉን ነገር አስደግሜ ነው የሰማሁት። አማቴ ሦስቴ ትነግረኛለች፣ ሦስተኛው ላይ ይገባኛል። ታዲያ ያ መስማት አልነበረም?

ጋሼ ከጓንጁ፦
እሱ ፍቅር ነው፣ ፈተና አይደለም።

የቋንቋ ተማሪ፣ ቤጂንግ፦
እኔ እዚህ የማጠናው ራሱ የቋንቋ ፈተና ስለሆነ ልግባ። የሄናን እህታችን ያለችው ነጥብ ትልቅ ነው። በኑሮ ውስጥ ያልገባህን ትጠይቃለህ። የተናጋሪውን ፊት ታያለህ፣ እጁን ታያለህ። ፈተና ላይ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ «ምን አልክ?» አትለውም። ድግግሞሹ የዚያ ምትክ ነው። ረጅም ንግግር አንዴ አሰምተህ ሦስት አራት ጥያቄ ካስከተልክ የምትለካው ጆሮን ብቻ አይሆንም። የልጁን የማስታወስ አቅምና ድንጋጤውንም አብረህ ትለካለህ።

ድንጋጤው ደግሞ ትንሽ አይደለም። የእንግሊዝኛው ፈተና ጁን 8 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። በሌላው ትምህርት 15 ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ይገባል። በእንግሊዝኛ ግን ማዳመጡ መጀመሪያ ስለሆነ 8፡45 ላይ በሩ ይዘጋል። በፈተና ጣቢያዎቹ አካባቢ ግንባታ ይቆማል፣ ክላክስ ይከለከላል። በ2024 የተመዘገበው ተፈታኝ 13.42 ሚሊዮን ነበር። ያ ሁሉ ልጅ በዚያች ሰዓት ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያዳምጠው። እንዲህ ያለ ነገር «እያሰማ ያሳልፋቸዋል» አይባልም።

ጋሼ ከጓንጁ፦
ጸጥ ያለ ክፍል፣ የጠራ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው። እውነተኛ ሰው እንደዚያ አያወራም።

የዉሃኑ ልጅ፦
«እውነተኛ ሰው» የሚሉት ማንን ነው? ሕንዱን? ናይጄሪያዊውን? እኛን? የፈተናው ድምፅ የተቀዳው በእንግሊዝና በአሜሪካ አነጋገር ነው። እርስዎ በእኛ አነጋገር ሲጠይቋቸው ባይሰሙ ጥፋቱ የጆሯቸው ብቻ ነው?

ጋሼ ከጓንጁ፦
አነጋገሬን ተወው። በዚህ አነጋገር ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች አስተምሬያለሁ።

የዉሃኑ ልጅ፦
ይቅርታ ጋሼ። ለመንካት አይደለም።

የቋንቋ ተማሪ፣ ቤጂንግ፦
ሌላም ነገር አለ። ጓንጁ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ጓንግዶንግ፣ ከ2011 ጀምሮ ማዳመጥና መናገርን በኮምፒውተር ነው የምትፈትነው። ልጁ ሰምቶ በድምፁ ይመልሳል። ስለዚህ ጋሼ የሚያዩዋቸው ልጆች እዚያው ጓንግዶንግ የተፈተኑ ናቸው ወይ? የጓንጁ ሱቅ ሠራተኛ ብዙው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። ከሁናን፣ ከጓንግሺ፣ ከሄናን።

የሄናን ምራት፦
ሄናንን ካነሳችሁ ልናገር። የባሌ እህት እዚሁ ነው የተፈተነችው። ማዳመጡን እንደ ሌላው ሁሉ ተቀምጣ ሰምታለች፣ መልሷንም አጥቁራለች። ግን ከጠቅላላ ውጤቷ ውስጥ አልገባም! እዚህ ለብዙ ዓመታት አሠራሩ እንደዚያ ነበር። ማዳመጡ ሲወጣ 120 ነጥብ ይቀራል። እሱ በ1.25 ይባዛና 150 ይሞላል። በቃ።

የማይቆጠር ነገር ማን ያስተምራል? አስተማሪዋ የማዳመጥ ልምምዱን ትቶ በዚያ ሰዓት ሰዋስው ያሠራቸው ነበር። አልፈርድበትም። አንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጅ አለ፣ አንድ ነጥብ በሺዎች የሚቆጠር ልጅ ያስቀድማል ወይ ያስቀራል። ዛሬ የባሌ እህት ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታነባለች። እኔ ሳናግራት ግን ታፍራለች።

ጋሼ ከጓንጁ፦
ይኸው! ያነባሉ እንጂ አይሰሙም አላልኩም?

የሄናን ምራት፦
ጋሼ፣ እርስዎ «የቻይና ልጅ አይሰማም» ነው ያሉት። እኔ የምለው «እንዲሰማ አልተደረገም» ነው። በሁለቱ መካከል የሰው ዕድሜ አለ። እኔ ያችን ልጅ አውቃታለሁ። ሌሊት በባትሪ ስታጠና ያደገች ናት።

መምህር ከደሴ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እዚህ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሁለት ጊዜም ሆነ አንድ ጊዜ፣ እነሱ ጋ የሚሰማ ነገር መኖሩ ነው እኔን የሚያስቀናኝ። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድም የሚደመጥ ነገር የለም። ሁሉም የሚነበብ ነው፣ ሁሉም ምርጫ ነው። የንግግር ጥያቄው እንኳ ተጽፎ ነው የሚነበበው። ከዚያ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባና «ሌክቸሩን በእንግሊዝኛ ስማ» ይባላል። ሄናን ላይ ቢያንስ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ጋሼ ከጓንጁ፦
መምህር፣ የእኛን አይቀላቅሉት። ወሬያችን ስለ ቻይና ነው።

መምህር ከደሴ፦
የቀላቀልኩት እርስዎን ለመደገፍም ጭምር ነው። ያልተፈተነ ነገር አይጠናም። ይሄን በየቀኑ አያለሁ።

እናት፣ ሃንግጁ፦
ሁላችሁም ማዳመጡን ይዛችሁ ንባቡን እንደ ንጹሕ ነገር ተዋችሁት። ንባቡ የሚያስተዛዝብ ታሪክ አለው። በኖቬምበር 2018 እዚህ ዠጂያንግ ላይ እንግሊዝኛው ከበድ ብሎ ወጣ። የፈተና ሰዎቹ «ካለፈው ጋር እናስተካክለው» ብለው ከንባቡና ከጽሑፉ ለአንዳንድ ጥያቄዎች ተጨማሪ ክብደት ሰጡ። ይህን ያደረጉት ልጆቹ ከተፈተኑ በኋላ ነው! ወላጅ ውጤቱን ሲያይ ግራ ገባው። ልጆቹ ከአስተማሪ ጋር ቆጥረው ያገኙትና የመጣላቸው አልገጠመም። አገሩ ተናወጠ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አጣርቶ ውሳኔው ስህተት ነው አለ፣ የቀድሞው ነጥብ ተመለሰ፣ የትምህርት ቢሮው ኃላፊም ከወንበሩ ተነሣ። የጎረቤቴ ልጅ ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች። ውጤቱ እስኪስተካከል ድረስ ከቤት አልወጣችም።

ስለዚህ «ያነባሉ» ስትሉ በምን ለክታችሁ ነው?

የቋንቋ ተማሪ፣ ቤጂንግ፦
ዠጂያንግ ላይ የተፈጠረው የነጥብ አሰጣጥ ችግር ነው። ንባቡ ራሱ ግን ቀላል አይደለም። አራት ምንባብ አለ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከውጭ ጋዜጣና መጽሔት ተወስዶ የተስተካከለ የሳይንስ ወይ የሐሳብ ጽሑፍ ነው። ከዚያ አምስት ባዶ ቦታ ያለው ምንባብ ይመጣል፣ ከሰባት ዓረፍተ ነገር አምስቱን መርጦ መሙላት ነው። ተማሪው እንዲያውቀው የሚጠበቀው ቃል 3,000 ገደማ ነው። ያን የሚሠራ ልጅ አንባቢ ነው።

እናት፣ ሃንግጁ፦
ወይም ፈተና አዋቂ ነው። ልጄ ጥያቄውን አስቀድሞ ያነባል፣ ከዚያ ቁልፍ ቃሏን ምንባቡ ውስጥ ይፈልጋል። «ጽሑፉ ስለምን ነበር?» ስለው አያውቅም። መልሱ ግን ልክ ነው። እኔ ይሄ ያሳስበኛል። ጆሮውም ዓይኑም ጥያቄ አዳኝ ሆነብኝ።

የዉሃኑ ልጅ፦
ይሄን አልቀበልም። የዶርም ጓደኛዬ በጋኦካኦ እንግሊዝኛ የመጣ ገጠሬ ልጅ ነበር። የእኔን የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቦ ስህተቴን በእርሳስ እያሰመረ አሳይቶኛል። በአፉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይቀላል። ራሳቸው «ዲዳ እንግሊዝኛ» የሚሉት እሱን ነው። ንባቡ ግን እውነተኛ ነበር።

ጋሼ ከጓንጁ፦
እነሱ ራሳቸው ዲዳ ብለው ከጠሩት እኔ ምን አጠፋሁ?

የዉሃኑ ልጅ፦
ዲዳ አፍ ነው ጋሼ። እርስዎ የከሰሱት ጆሮን ነው!

ጋሼ ከጓንጁ፦
ጆሮ ያልሰማውን አፍ ከየት ያመጣል?

የቋንቋ ተማሪ፣ ቤጂንግ፦
«ደንቆሮና ዲዳ እንግሊዝኛ» የሚሉም አሉ። ነቀፌታውን መጀመሪያ የተናገሩት የራሳቸው አስተማሪዎች ናቸው። ለዚህ ነው ቤጂንግ ከ2021 ተፈታኞች ጀምሮ ማዳመጡንና መናገሩን ለይታ በኮምፒውተር ያደረገችው። ከ150 ውስጥ 50 ነጥብ ይዟል፣ ማዳመጥ 30፣ መናገር 20። በዓመት ሁለት ዕድል አለ፣ የተሻለው ይያዛል።

የሄናን ምራት፦
ቤጂንግ ኮምፒውተር አላት። የባሌ እህት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ድምፅ ማጉያ ነበር፣ እሱም ይንኮሻኮሽ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ምን ይሰማል? ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ማዳመጥ ደካማ» ተብሎ ይጻፋል። የተለካው የማን ድክመት ነው?

እናት፣ ሃንግጁ፦
እኔም የምፈራው እሱን ነው። ማዳመጡ በከበደ ቁጥር የሚጠቀመው ውጭ አገር ልጁን የሚልክ፣ ፈረንጅ አስጠኚ የሚቀጥር ነው። በ2021 ሐምሌ መንግሥት የማስጠኛ ኮርሱን ንግድ ሲዘጋ ብዙዎቻችን እፎይ ብለን ነበር። ገንዘብ ያለው ግን በድብቅ ቤቱ እያስመጣ ቀጠለ።

ጋሼ ከጓንጁ፦
ታዲያ በዚያው ዓመት አንድ የምክር ጉባኤ አባል እንዳለው እንግሊዝኛን ከዋና ትምህርትነት ማውጣት ነዋ። የማይሰሙትን ቋንቋ ለምን ያስጨንቋቸዋል? ስልክ ይተረጉማል። እኔም የምግባባው በእሱ ነው።

የሄናን ምራት፦
አይሆንም ጋሼ! ቢወጣ የሀብታሙ ልጅ በገንዘቡ ይማራል። የባሌ እህት ልጅ ግን ትምህርት ቤት ካላስተማራት ማንም አያስተምራትም። ሄናን በ2025 ማዳመጡ ወደሚቆጠርበት አዲሱ ሥርዓት ገብታለች። ልጅቷ አሁን ጆሮዋን ማሠልጠን አለባት። ማታ ማታ ስልክ ከፍተን አብረን እናዳምጣለን። ድምፁ ሲፈጥንባት እኔ ቀስ ብዬ አነብላታለሁ። የእኔ አነጋገር ያበላሻት ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መምህር ከደሴ፦
አያበላሻትም እህቴ። መጀመሪያ ዋናውን ታዳምጥ፣ ያልገባትን ቦታ ብቻ አንብቢላት፣ ከዚያ ዋናውን መልሳ ትስማ። እኔ ክፍል ውስጥ የማደርገው እንደዚያ ነው።

ጋሼ ከጓንጁ፦
መልሳ ስትሰማ ሁለት ጊዜ ሆነ።

መምህር ከደሴ፦
ሲማሩ አሥር ጊዜም ይሰማል ጋሼ። የቤጂንጉ ወንድሜ፣ የቆየ የጋኦካኦ የማዳመጥ ድምፅ ካለህ እባክህ ላክልኝ። ማክሰኞ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላሰማቸው እፈልጋለሁ። መብራት ካለ።

የቋንቋ ተማሪ፣ ቤጂንግ፦
ዛሬ ማታ እልካለሁ መምህር። ከነጥያቄው።

ጋሼ ከጓንጁ፦
አንድ ጊዜ ብቻ ያሰሙና ስንቱ እንደገባው ይንገሩኝ።

የዉሃኑ ልጅ፦
ሁለተኛም ያሰሙና የስንቱ መልስ እንደተለወጠ ይቁጠሩልን።