«ሐማርትያ» በአማርኛ፦ ኃጢአት፣ ጉድለት ወይስ ስሕተት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፊ የሶፎክልስን ተውኔት «ንጉሥ ኤዲፐስ»ን ለተማሪዎች እያዘጋጀሁ ነው። መግቢያው ላይ ፈላስፋው አርስቶትል ስለ ትራጀዲ (ስለ አሳዛኝ ተውኔት) ያለውን መጥቀስ አለብኝ። ባለታሪኩን የሚጥለው በግሪክኛ «ሐማርትያ» የሚባለው ነው ይላል። አንድ የክፍል ማስታወሻ ቃሉን «ኃጢአት» ብሎታል፣ ሌላው ደግሞ «የባሕርይ ጉድለት»። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። የቃሉን ሥር የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ያልተዋጠልሽ በምክንያት ነው። ግሱ «ሐማርታኖ» ይባላል። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ጋ ስትሄጂ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው ኢሊያድ 5ኛ መጽሐፍ፣ የትሮይ ወገን የሆነው ጳንዳሮስ ጦሩን ግሪካዊው ዲዮሜዴስ ላይ ይወረውራል። ጦሩ ጋሻውን በስቶ ያልፋል። ጳንዳሮስም «ሆድህን ወጋሁህ!» ብሎ ይፎክራል። ዲዮሜዴስ ቅንጣት ሳይደነግጥ «ሳትክ፤ አላገኘኸኝም» ይለዋል። ያ «ሳትክ» ይሄው ግስ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ስለ ክፋት ምንም አይናገርም። ሰውዬው አነጣጠረ፣ ወረወረ፣ ሳተ። በቃ።

ታዲያ «ኃጢአት» ከየት መጣ? ብሉይ ኪዳን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ለኃጢአት የመረጡት ቃል ሐማርትያ ነበር። አዲስ ኪዳንም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 «ዘያአትት ኃጢአተ ዓለም» የምንለው በግሪኩ ሐማርትያ ነው። ስለዚህ ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው። አርስቶትል የሞተው በ322 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ የትርጉም ሥራው የተጀመረው ከእሱ በኋላ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ራሱን እዪው። ስለ ግጥምና ተውኔት በጻፈው መጽሐፍ ምዕራፍ 13 ላይ፣ ባለታሪኩ በደግነቱ ከሁሉ የላቀ አይሁን፤ የሚወድቀውም በክፋት ሳይሆን በአንዳች ሐማርትያ ይሁን ይላል። «ኃጢአት» ብለሽ ከተረጎምሽው «በክፋት ሳይሆን በኃጢአት ወደቀ» ሊሆን ነው። ይሄ ለአማርኛ አንባቢ ትርጉም አይሰጥም።

እኔ «ስሕተት» ነው የምለው። ቃሉ ከግእዙ «ስሕተ» የመጣ ነው፤ የአማርኛው «ሳተ»ም ከዚያው ነው። ጥይት ይስታል፣ መንገድ ይሳታል፣ ሰው ራሱን ይስታል። የዲዮሜዴስ «ሳትክ» ቃሉ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሌላ መልስ፦
ወንድማችን ያለውን እቀበላለሁ። ከግእዝ በኩል ትንሽ ልጨምር። «ኀጥአ» ራሱ መነሻው «አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ» ነው። አማርኛው «አጣ» የወጣው ከዚያ ነው። ኃጢአትም በሥሩ ማጣት ነው ማለት ነው። ግሪኩ «አላገኘኸኝም» ካለው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ሳየው እስካሁን ይደንቀኛል። ግን ዛሬ ኃጢአት ሲባል ሰው የሚያስበው ንስሐን ነው፣ ማጣትን አይደለም። ስለዚህ ለተውኔቱ እኔም አልመርጠውም።

ይልቅ ይሄ ቃል ከሥነ ምግባር ጋር ያለውን ነገር አትዝለይው። አርስቶትል የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ፣ 5ኛው ክፍል ላይ፣ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይለያል። ማንም ሊገምተው የማይችል ከሆነ ዱብ ዕዳ ነው። ሊገመት ይችል የነበረ፣ ግን ያለ ክፋት የተደረገ ከሆነ «ሐማርቴማ» ይለዋል፤ የሐማርትያ የቅርብ ዘመድ ነው። እያወቀ ካደረገው በደል ነው። እኛስ ስንጸልይ «በድፍረትም በስሕተትም የሠራሁትን» እንል የለ? ድፍረቱ ለብቻ፣ ስሕተቱ ለብቻ። አማርኛ ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

አርስቶትል ደግሞ ምሳሌ ያጣ ጊዜ ወደ ተውኔት ነው የሚሄደው። በዚያው የሥነ ምግባር መጽሐፍ 3ኛው ክፍል ላይ ባለማወቅ ስለሚደረግ ነገር ሲጽፍ፣ ልጇን ጠላት መስሏት ልትገድል የነበረችውን ሜሮፔን ይጠቅሳል። ስለ ተውኔት በጻፈው መጽሐፍም ይህችው ሜሮፔ አለች። እዚያ ለይታው እጇን ትሰበስባለች። አንዲት ሴት በሁለቱም መጻሕፍት፣ በአንድ ጥያቄ፦ ሰውዬው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይ?

ጠያቂዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ጉድለት»ስ? ኤዲፐስ እኮ ቁጡ ነው። ኋላ አባቱ ሆኖ የተገኘውን ሽማግሌ መንገድ ላይ የገደለው በንዴት ነው።

ሌላ መልስ፦
ቁጣው አለ፣ አልክድም። ግን ቦታውን እዪው። ሦስት መንገድ የሚገናኙበት ላይ ነው። ሠረገላ ነጂው ገፋው፣ ሽማግሌው ደግሞ አናቱን በመንጃው መታው። ከዚያ ነው የገደለው። ወደዚያ መንገድ ያመጣውም «አባትህን ትገድላለህ» የሚል ትንቢት ሰምቶ አባቱን ላለመግደል ከቆሮንቶስ መሸሹ ነው፤ ያሳደገውን ንጉሥ አባቴ ነው ብሎ ያምን ስለነበር። ቁጣ ብቻውን የማያውቀውን ሰው ገዳይ ያደርገዋል እንጂ አባቱን ገዳይ አያደርገውም። አባቱን ገዳይ ያደረገው አለማወቁ ነው። «የባሕርይ ጉድለት» ካልሻቸው ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የኤዲፐስን ነውር ሲለቅሙ ይውላሉ። እረኛውን እየመረመረ ሁሉም ነገር የሚገለጥበት ትዕይንት ያመልጣቸዋል፤ የተውኔቱ ልብ ደግሞ እሱ ነው።

ጠያቂዋ፦
ገባኝ። የቀረኝ አንድ ስጋት ነው። «ስሕተት» በዛሬ ጆሮ ቀላል ነገር ይመስላል። የሒሳብ ስሕተት፣ የፊደል ስሕተት እንደምንለው። ኤዲፐስን የገዛ ዓይኑን እስከማጥፋት ላደረሰው ነገር አያንስም?

መልስ፦
ለዚህ መልሱን አርስቶትል ራሱ ትቶልሻል። እዚያው ምዕራፍ 13 ላይ ዝቅ ብሎ ቃሉን ሲደግመው «ሐማርትያ ሜጋሌ» ይለዋል፤ ታላቅ ሐማርትያ። ስለዚህ «በክፋት ሳይሆን በከባድ ስሕተት» ብለሽ ጻፊው። «ከባድ»ን ከራስሽ አልጨመርሽም፣ ከእሱ ነው የወሰድሽው። ግርጌ ላይ ደግሞ «ዒላማን መሳት» ብለሽ በአጭሩ አስገቢ።