«ራዮት አክት አነበብኩላቸው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የአሌክሳንድሪያው
ሰላም ናችሁ? ቨርጂኒያ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አለቃችን የማታ ፈረቃ ልጆችን ሰብስባ ስትጨርስ፣ ለጓደኛዋ «አይ ሬድ ዜም ዘ ራዮት አክት» አለቻት። ያነበበችው ወረቀት ግን የለም። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ልጃችን ተናዶ «ጎ ፖስታል» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። የቱን ልናገር፣ የቱን ልተው?

አስተርጓሚዋ
ወንድሜ፣ አለቃህ ልክ ልካቸውን ነግራቸዋለች። «ብትደግሙት ወዮላችሁ» የሚል ማስጠንቀቂያም አለበት።

ድሮ ግን የምር ይነበብ ነበር። ራዮት አክት (የሁከት አዋጅ) እ.ኤ.አ. በ1715 ሥራ ላይ የዋለ የእንግሊዝ አዋጅ ነበር። 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ተሰብስቦ ሲረብሽ፣ ሹሙ ፊታቸው ቆሞ በንጉሡ ስም ተበተኑ ብሎ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው ከቆዩ ቅጣቱ ሞት ነበር። መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የሚለው ከተዘለለ ንባቡ ዋጋ አልነበረውም። በዚህ የተነሳ ፍርድ እስከመሻር ተደርሷል!

ፍርድ ቤት ሳስተረጉም «ሕግ አነበበላቸው» ብል ሰሚው ወረቀቱን ይፈልጋል። ስለዚህ «አስጠንቅቆ ገሠጻቸው» እላለሁ። የወላጅ፣ የመምህር፣ የአለቃ ቃል ነው። ከታች ወደ ላይ አይሄድም።

«ጎ ፖስታል»ን ግን እባክህ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኦክላሆማ፣ ኤድመንድ ከተማ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ 14 ባልደረቦቹን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ሌሎች ፖስታ ቤቶችም ተመሳሳይ ግድያ ደረሰባቸው፤ አባባሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሰው በቁጣ አብዶ ባልደረቦቹን ፈጀ እንደማለት ነው። ሥራ ቦታ ሲነገር ዛቻ ይመስላል። የሟቾቹ ቤተሰቦችም እኮ ይሰማሉ። ልጁን ለብቻው ጠርተህ ንገረው።

ለንደን ያለሁት
«ፒስድ»ንም አስቡበት። አሜሪካ ተናደደ ነው፤ እዚህ ሰከረ ነው። ለንዴቱ እኛ ጋ «ፒስድ ኦፍ» ይባላል። ሁለቱም ጋ ግን ስድ ስለሆነ አለቃ ፊት አይወጣም።

የጎጃሙ
እኔ «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል»ን እወደዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው፤ ከመጥረቢያ የመጣ ነው። እንጨት የፈለጠ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ዛቢያው ሲደርቅ ይላላል። አንስተህ ስትሰነዝር ብረቱ ወልቆ ይስፈነጠራል፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። የእኛ «ቱግ አለ» ማለት ነው። ነውር የለበትም፣ ሥራ ቦታም ይሄዳል።

የአሌክሳንድሪያው
እህቴ፣ ተባረኪ። ልጁን ዛሬውኑ አናግረዋለሁ። ግን እኔ ራሴ ደሜ ሲፈላ አለቃዬን ምን ልበላት?

አስተርጓሚዋ
«አይም አፕሴት» (ተናድጃለሁ) በቂ ነው። ከዚያ ምን እንዳናደደህ በቀጥታ ንገራት፤ ፈረቃህን ሳትጠይቅ ከቀየረችብህ ያንኑ።