ለስድስት ወር ልጅ የገንፎ ዱቄት፦ ጎንደር ውስጥ ከየት ልግዛ?

የአዘዞ እናት፦
እንዴት ናችሁ እህቶቼ። ልጄ ስድስት ወር ልትሞላ ነው፤ እስካሁን ጡት ብቻ ነው የምትጠባው። ፋፋ ይሻላታል፣ ሴሪላክ፣ ወይስ እህሉን ገዝቼ ላስፈጭ? ቅዳሜ ገበያ ተመጥኖ የሚሸጠውን የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ማራኪ፦
እኔ ከቅዳሜ ገበያ ውጪ አልገዛም። ልጆቼን በሙሉ ያሳደግኩት እዚያ በሚሸጡ አንዲት እናት ዱቄት ነው። አጃው፣ ገብሱ፣ የደምቢያ ሽንብራው... ሌላውን አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ፒያሳ፦
የቆርቆሮውን ከገዛሽ ቀኑን እይ! እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ቀኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ስልጠው ጊዜው አልፏል። ልጄ ሲያስመልሰው አደረ፤ ባለሱቁ ግን ብሬን አልመልስም አለኝ።

ሳሙና በር፦
ወይኔ! የት ሱቅ ነው?

ፒያሳ፦
ስም አልጠራም። ብቻ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ቀበሌ 18፦
ዳይፐሩም ያው ነው። ካርቶኑ ላይ ሌላ ቁጥር፣ ውስጡ ሌላ።

የልጅ አባት፦
የጠየቀችው ስለ ገንፎ ነው። ዳይፐሩን በማንኪያ ታብላት?

ሳሙና በር፦
እህቴ፣ ስድስት ወር ሲሞላት ጤና ጣቢያ ወስደሽ ቫይታሚን ኤ አሰጫት። በዘጠኝ ወሯ ደግሞ የኩፍኝ ክትባት አለ።

ነርስ ነኝ፦
የኔ እናት፣ ከየትም ብትገዢው እነዚህን አስተውዪ። አሥር ዓይነት እህል ባንዴ አትጀምሪላት፤ አንዱን ጥቂት ቀን አይተሽ ሌላውን ጨምሪ፤ ያልተስማማት ካለ የምትለዪው እንደዚያ ነው። ራስሽ የምታስፈጪ ከሆነ እህሉን ዘፍዝፈሽ ትንሽ ብታበቅዪው፣ ከዚያ አድርቀሽ ብትቆዪው አይረኑን ሰውነቷ በተሻለ ይወስደዋል። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከፊትሽ በርበሬ ተፈጭቶ እንደሆነ ጠይቂ። ለውዝ ከገባበት የሻገተውን አውጥተሽ ጣዪ። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ይሁን፤ የቀጠነው ሆዷን ይሞላል እንጂ አያሳድጋትም። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ይበቃታል፤ ጡቱ እንዳለ ይቀጥላል። ዱቄት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ ሥጋ፣ የላመ ካሮትና ድንች ስጫት። ጨውና ስኳር ይቅር። ማር ዓመት ሳይሞላት ጨርሶ እንዳትቀምስ፤ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ማራኪ፦
የእኔዋ እናት እኮ አብቅለው ነው የሚያዘጋጁት! ሄዳችሁ እዩ።

ፒያሳ፦
ቀኑስ የት ተጽፎበታል?

ማራኪ፦
እጃቸውን አምናለሁ።

የአዘዞ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አማቴ ደግሞ ገንፎው ላይ ቅቤ ጣል አድርጊበት ይሉኛል፤ ይጎዳታል?

ነርስ ነኝ፦
ስድስት ወር ከሞላት ትንሽ የተነጠረ ቅቤ ወይም ዘይት ኃይል ይሰጣታል፤ እማማ ልክ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን በጣትም ቢሆን እንዳያስልሷት። ቅቤው ገባ ብለሽ ደግሞ እንቁላሉን አታስቀሪባት።