«ደርቢ» የሰው ነው የከተማ?

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ «የሸገር ደርቢ» እንላለን፤ እኔ እስከዛሬ «የአንድ ከተማ ቡድኖች» ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሰሞኑን የምተረጉመው የታሪክ ጽሑፍ ላይ ግን «ኧርል ኦፍ ደርቢ» የሚባል ወጣት ባላባት መጣብኝ። ይገናኛሉ እንዴ? ኧርልንስ ደጃዝማች ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ የያዝከው 12ኛውን ከሆነ፣ አዎ፣ ይገናኛሉ። ኤድዋርድ ስሚዝ ስታንሊ ይባላል፤ በ1752 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኢተን በሚባለው የባላባት ልጆች ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከዚያ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አባቱ በ1771 ሲሞት ወራሽነቱ ከአያቱ በቀጥታ ወደ እሱ ዞረ። በ1774 የላንክሻየር የፓርላማ አባል ሆነ፣ በ1776 አያቱ ሲሞቱ ደግሞ ማዕረጉን ከነርስቱ ተረከበና ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ተሻገረ፤ ገና 23 ዓመቱ ነው እንግዲህ።

ልጁ ግን ከፓርላማው ይልቅ ለፈረስና ለዶሮ ነበር ነፍሱ። አውራ ዶሮ በማዋጋት የታወቀ ነው፣ ያውም በገንዘብ። ድግስም ይወዳል። በ1774 ኤልሳቤጥ ሃሚልተንን ሲያገባ፣ ኤፕሰም አካባቢ «ዘ ኦክስ» በሚባለው ቤቱ የመስክ ድግስ ደገሰ፤ የጭፈራውን አዳራሽ የነደፈለት ዝነኛው አርክቴክት ሮበርት አዳም ነው። የአክስቱ ባል ጄኔራል በርጎይን (በኋላ ሳራቶጋ ላይ ለአሜሪካኖች እጁን የሰጠው) ከድግሱ ተነስቶ ቲያትር ጻፈ፣ በዚያው ዓመትም ለንደን ላይ ታየ። ሠርግ ወደ ቲያትር ሲሄድ አስቡት!

በ1779 ይኸው ወጣት ከወዳጆቹ ጋር ለሦስት ዓመት ባዝራዎች እሽቅድምድም አቋቋመ፤ በቤቱ ስም «ኦክስ» አሉት፣ የራሱ ባዝራ ብሪጅትም አሸነፈች። በዓመቱ ሌላ ውድድር ሲጨምሩ፣ በማን ስም ይጠራ በሚለው ከወዳጁ፣ ከባለፈረሱ ሰር ቻርልስ በንበሪ ጋር ሳንቲም ወረወሩ ይባላል። ደርቢ ወጣለት። በንበሪ ቢወጣለት ኖሮ ዛሬ «የሸገር በንበሪ» እያልን ነበር። የመጀመሪያውን ውድድር ግን ያሸነፈው የበንበሪው ፈረስ ዳዮሜድ ነው፤ ስሙን ቢያጣ ሽልማቱን አላጣም።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ለማንኛውም ትልቅ የፈረስ ውድድር ሆነ፤ የአሜሪካኖቹ የኬንታኪ ደርቢ በ1875 ተጀመረ። የእግር ኳሱን ትርጉም ግን ሁሉም ከፈረሱ አያመጡትም፤ በደርቢሻየር አሽቦርን ከተማ ውስጥ የላይና የታች ሰፈር ሰዎች ከሚገጥሙት የጥንት የኳስ ጨዋታ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ለእኔ የፈረሱ ይበልጥብኛል።

ደጃዝማች አትበለው። ደጃዝማችነት ሹመት ነው፤ ንጉሥ ይሾማል፣ ይሽራል። ኧርልነት በዘር ይወርዳል፣ ባለቤቱ ጦር መርቶ ባያውቅም። «ኧርል» ብለህ ተወውና መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር አስረዳ።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አያቱ በሕይወት ሳሉ «ሎርድ ስታንሊ» ነበር የሚባለው፣ ይሄ ደግሞ የክብር መጠሪያ እንጂ ማዕረግ አይደለም፤ ለዚህ ነው «ሎርድ» እየተባለ በታችኛው ምክር ቤት የተቀመጠው። እኛ ጋ የሚቀርበው «ልጅ» ነው፣ እንደ ልጅ ኢያሱ፣ እንደ ልጅ ተፈሪ። «ልጅ ስታንሊ» ማለት ግን ያስቃል።

ጥያቄ፦ ሃሃ፣ ተመዝግቧል። ሙሽራይቱስ ምን ሆነች?

መልስ፦ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትታው ከዶርሴቱ ዱክ ጋር ሆነች። እሱ ፍቺ ከለከላት፤ ዱኩን ማግባት አልቻለችም፣ እሱም ሌላ ማግባት አልቻለም። በመጋቢት 1797 ስትሞት፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ለዓመታት ሲከተላት የነበረውን ተዋናይት ኤልሳቤጥ ፋረንን አገባ። በ1787 ደርቢን ያሸነፈለት ፈረሱ «ሰር ፒተር ቲዝል» ይባል ነበር፤ ፋረን በአንድ ቲያትር ላይ ሌዲ ቲዝል የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ሆና ትጫወት ነበር፤ «ሰር ፒተር ቲዝል» በቲያትሩ ውስጥ የባሏ ስም ነው።