«ሺየን» መልአክ ናት ወይስ አጫዋች?

ጥያቄ፦ በታንግ ዘመን (618–907) የቻይና ግጥሞች «ሺየን» የሚባሉ ሴቶች ይበዛሉ። አንድ ቦታ ተራራ ላይ የምትኖር የማትሞት ልጃገረድ፣ ሌላ ቦታ ግብዣ ላይ ዘፍና የምታስጠጣ ሴት። በአማርኛ «መልአክ» ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። መልአክ ከ«ለአከ» የወጣ ስለሆነ ላኪ አለው፤ ሺየንን የላካት የለም። ቃሉ የሚጻፍበትን የቻይና ፊደል ልብ በሉ፦ በግራ «ሰው»፣ በቀኝ «ተራራ»። ሰው ሆኖ ተወልዶ በመድኃኒትና በትንፋሽ ልምምድ ከሞት ያመለጠ ማለት ነው። «ዘኢይመውት» ካልንም አንባቢው «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ወደሚለው ጸሎት ይሄድብናል። እኔ «ኢመዋቲት» እላለሁ።

ጥያቄ፦ «አድባር»ስ? ተራራውም አለበት።

መልስ፦ ተራራው ይገጥማል፣ ሰውነቱ ግን ይጎድላል። አድባር ትለመናለች፣ ትፈራለች፤ ሺየን ግን ትወደዳለች። በአንድ የቻይና ተረት ሊዩ ቸንና ሩዋን ጃው የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቲየንታይ ተራራ ላይ መንገድ ጠፍቷቸው ኮክ በልተው፣ ወንዝ ዳር ሁለት ቆነጃጅት ሺየኖች አግኝተው ግማሽ ዓመት አብረው ኖሩ። ሲመለሱ ሰባት ትውልድ አልፏል። ወደ አጫዋች ቤት የሚሄድ የታንግ ሰው ጉዞውን በዚህ ልክ ሰፋው፦ መግባት አለ፣ መቆየት የለም፣ ሴቲቱም ዘመድ ጠይቆ የሚያገባት አይደለችም። ስለዚህ ግጥም ውስጥ «ሊዩ» ወይም «ሩዋን» ተብሎ የሚጠራ ወንድ ካያችሁ ኢመዋቲቷ ሥጋ ለባሽ መሆኗን ጠርጥሩ።

ሌላ መላሽ፦ ለዚህ ነው የታሪክ ሊቁ ቼን ዪንክ በታንግ ዘመን «ሺየን» ለውብ ሴት፣ ዳው (ታኦ) ለሚባለው የቻይና ሃይማኖት መነኩሲት፣ ለአጫዋችም ጭምር ይባል ነበር ያለው። «ጀን» (እውነት) የሚለው ቃልም በዚያው ፍቺ ይገባል። የታንጉ ጸሐፊ ዩዋን ጀን (779–831) ዪንግዪንግ ስለምትባል ልጃገረድ የጻፈው የፍቅር ታሪክ «ኹዌጀን» ተብሎም ይጠራል። «እውነትን መገናኘት» ብሎ የተረጎመ ሰው የፍልስፍና መጽሐፍ ያደርገዋል፤ «ከኢመዋቲቷ ጋር መገናኘት» ነው።

ጥያቄ፦ ሴቲቱን «ጂ» ይሏታል። «ሴተኛ አዳሪ» ልበል?

መልስ፦ እባክዎ አይበሉ። «ጂ» መነሻው ሙያ ነው፦ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ መሣሪያ። «ጋለሞታ» ባል የሌላትን ሴትም ይል ስለነበር ያደናግራል፤ «ኮማሪት» መጠጡን ብቻ ይይዛል። በታንግ ዋና ከተማ በቻንግአን ውስጥ ፒንግካንግ በሚባለው ሰፈር የተሻሉት ሴቶች የሚኖሩት በደቡቡና በመካከለኛው መንገድ ነበር፤ ግንቡን ተጠግተው ያሉት ዝቅ ያሉት ናቸው። የግብዣ ዋጋ ሻማ ሲበራ እጥፍ ይሆናል፣ ለአዲስ እንግዳ ደግሞ ገና ይጨምራል። እዚያ ከመልክ በላይ የሚመሰገነው አንደበት ነው፤ የመጠጥ ጨዋታውን ሕግ ይዛ ያጠፋውን የምትቀጣ ሴት ትከበራለች። የጌታ ቤት «አጫዋች» የምንለው ቃል ለዚህ ይቀርባል።

ሌላ መላሽ፦ «ደመናና ዝናብ»ንም ጠንቀቅ በሉ። ቹ የሚባለው የጥንት የቻይና መንግሥት ንጉሥ በሕልሙ ያገኛት የዉሻን ተራራ እመቤት «ጠዋት ደመና፣ ማታ ዝናብ ነኝ» አለችው፤ ከዚያ ወዲህ የወንድና የሴት ግንኙነት ስም ሆነ። በአማርኛ ዝናብ ምሕረትና በረከት ስለሆነ ቃል በቃል ከተረጎማችሁት ግጥሙ የገበሬ ምርቃት ይመስላል። «ሺየን» ግጥሙ የተጻፈበት ዜማ ስም ውስጥ ሲገባ ግን፣ ለምሳሌ «የወንዝ ዳር ሺየን»፣ ከይዘቱ ጋር አታያይዙት፤ በዚያው ዜማ ስለሌላ ነገር የተጻፈ ብዙ ነው።