የአርታኢነት ክፍያን በውል ስለማስፈር

በአዲስ አበባ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ የምሠራ ሲሆን፣ ከልብ የምመኘው ሙያ ግን የመጽሐፍ አርታኢነት ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደራስያንን ረቂቅ አርማለሁ፤ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» በአንድ ረቂቅ ውስጥ እንዳይዘበራረቁ የፊደል አጠቃቀም ሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ፣ የገጸ ባሕርያትን ዕድሜና የታሪኩን የጊዜ ቅደም ተከተልም አመሳክራለሁ።

ለአሳታሚዎች ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ ሆኖም በአገራችን ብዙውን ጊዜ የኅትመቱን ወጪ የሚሸፍነው ደራሲው ራሱ በመሆኑ፣ አርታኢ በደመወዝ የሚቀጥር አላገኘሁም። ስለዚህ ከደራስያን ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀመርኩ። አንድ ደራሲ «መጽሐፉ ሲሸጥ እከፍላለሁ» ብሎ በጽሑፍ ቢስማማም፣ አከፋፋዩ መጽሐፉን የወሰደው በዱቤ፣ ሒሳብ የሚያወራርደውም ከሽያጭ በኋላ ስለሆነ፣ መጽሐፉ መደብር ከገባ ከወራት በኋላ እንኳ ምንም አልተከፈለኝም። ሌላዋ ደራሲ ደግሞ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ስጠይቃት ረቂቋን መልሳ ወሰደች፤ አልፈርድባትም፣ ያላት ገንዘብ ለማተሚያ ቤቱ የተያዘ ነበር።

የቢሮ ሥራዬን ሳልለቅ ይህን ሙያ በቁም ነገር ልይዘው ቆርጫለሁ። በግላችሁ የምትሠሩ አርታኢያን፣ ክፍያችሁ ከመጽሐፉ ሽያጭ ጋር ሳይያያዝ፣ በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ ስንት እጁ እንዲከፈላችሁ ነው በውላችሁ የምታሰፍሩት?