ጥቆማ፦ ለባትሪ መሣሪያ የሚሆን ቦርድ ሐዋሳ ውስጥ ከየት ይገዛል?

ሐይቅ ዳር፦ ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ሐይቅን የውኃ ከፍታ በየሰዓቱ እየለካ የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። የምተክልበት ቦታ መብራትም ዋይፋይም ስለሌለው በአንድ 18650 ባትሪ (ድብልብሉ የሊቲየም ባትሪ) ቢያንስ ሦስት ወር እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። ከትንንሾቹ የኮምፒውተር ቦርዶች ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 ይሻለኛል ወይስ ዋይፋይ የሌለው አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ? ከዚሁ ከከተማችን ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

አረብ ሰፈር፦ ከቦርዱ በፊት ባትሪው ላይ ይጠንቀቁ። ስሙን ከማልጠራው ሱቅ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት (የባትሪው አቅም መሆኑ ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 ገዝቼ፣ ሙሉ ሌሊት ቻርጅ አድርጌው እንኳ አንዲት የእጅ ባትሪ በቅጡ ማብራት አቃተው። ልመልስ ብሄድ «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ተባልኩ።

የታቦር ልጅ፦ እኔም እንዲሁ ተታልያለሁ። ደኅና የሚባለው 18650 ከ2000 እስከ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ 9900 የተጻፈበትን ሲያዩ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። በእጅም ይመዝኑት፤ ትክክለኛው 45 ግራም ገደማ ሲሆን የውሸቱ ብዙውን ጊዜ ይቀልላል።

መናኸሪያ፦ ሁሉንም ሱቅ በአንድ ዐይን ማየት ተገቢ አይደለም። እኔ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ለዓመታት የማውቀው ታማኝ ሰው ነው፤ ከእሱ ሌላ ማንም ጋ አልሄድም፣ እርስዎም ይሂዱ።

ሳባ፦ የባለ ሱቁ ታማኝነት በሚሊአምፒር ቢለካ ኖሮ ጥያቄው ተመልሶ ነበር። ባትሪውን ለክተውት ያውቃሉ?

መናኸሪያ፦ መለካት ሳያስፈልገኝ እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

ፒያሳ፦ መብራት ሲጠፋ ራውተር የሚያቆይ ባትሪ ከፈለጉ፣ ባለ 12 ቮልቱን ይውሰዱ፤ እኛ ቤት በሚገባ ይሠራል።

ቴክኒሽያን፦ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሦስት ወር 2160 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 2500 ባትሪ ይዘው አማካይ ፍጆታዎ ከ1 ሚሊአምፒር መብለጥ የለበትም። የኢኤስፒ32 ቺፕ ራሱ በጥልቅ እንቅልፍ (ሥራ አቁሞ ሲጠብቅ) 10 ማይክሮአምፒር (አንዱ የሚሊአምፒር ሺኛ ነው) አካባቢ ብቻ ይወስዳል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) ምንም ሳይሠራ እንኳ 5 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሚበላ፣ ያ ባትሪ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ከዚህም በላይ ሬጉሌተሩ 3.3 ቮልት ለማውጣት ከ4.3 በላይ መግቢያ ስለሚፈልግ፣ ከሞላ በኋላም 4.2 ለሆነ ሊቲየም ባትሪ ፈጽሞ አይመችም። ዋይፋይ ከሌለ ኢኤስፒ32 ምን ያደርግልዎታል? ባለ 3.3 ቮልቱንና ባለ 8 ሜጋኸርዙን ፕሮ ሚኒ ይግዙ፤ ሬጉሌተሩንና ሁልጊዜ የምትበራዋን ቀይ መብራት በብየዳ ብረት አንሥተው ባትሪውን በቀጥታ ቪሲሲ (የቦርዱ የኃይል መግቢያ) ላይ ያገናኙ። ቺፑ እስከ 5.5 ቮልት ስለሚችል 4.2 አይጎዳውም፤ ሲተኛም ጥቂት ማይክሮአምፒር ብቻ ይወስዳል። ከፍታውን የሚለካው ሴንሰርና የሚመዘገብበት ኤስዲ ካርድ ግን ሥራ ፈተውም ስለሚበሉ፣ የመለኪያው ሰዓት እስኪደርስ በሞስፌት (በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ይዝጓቸው።

የታቦር ልጅ፦ ውኃ የማያስገባውን የአልትራሳውንድ ሴንሰር ከመረጡ፣ ከ25 ሳንቲሜትር በታች ያለውን ርቀት በትክክል ስለማያነብ፣ ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ከሚደርስበት ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

ሐይቅ ዳር፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማይክሮአምፒሩን በተራ መልቲሜትር መለካት ይቻላል?

ቴክኒሽያን፦ ይቻላል። ነገር ግን መልቲሜትሩ በማይክሮአምፒር መለኪያው ላይ እያለ ቦርዱ ሲነቃ፣ ቮልቴጁ ወርዶ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ መልቲሜትሩን በተከታታይ አስገብተው፣ ሁለቱን ጫፎቹን በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ቦርዱ ከተኛ በኋላ ሽቦውን አንሥተው ያንብቡ፣ ከመንቃቱ በፊትም ይመልሱት።

አረብ ሰፈር፦ የባትሪውንም አቅም ሳያስለኩ አይመኑ፤ ያንን ሱቅ ግን አደራ።